እየመጣ የሚሄድ ብልሽት፦ የትንሽ አይሮፕላን የማስነሻ ኤሌክትሪክ



ፈጽሞ የተበላሸ መሣሪያ ለጠጋኙ ቸር ነው። ባለበት ቆሞ ይጠብቀዋል፤ በተለካ ቁጥር ያንኑ መልስ ይሰጣል፤ እስኪጠገንም ድረስ ጠባዩን አይለውጥም። መሐንዲሱንና መካኒኩን ክፉኛ የሚፈትነው ሌላው ዓይነት ነው፤ ይኸውም አብራሪው ብቻውን ሳለ የሚታይ፣ መካኒኩ ሲደርስ የሚሰወር፣ ብቅ ጥልቅ የሚል ብልሽት ነው። ከእነዚህም መካከል በትንሽ አይሮፕላን የማስነሻ ሥርዓት ላይ የሚደርሰው ዛሬ ለብቻው ይመረመራል። ምክንያቱም ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ከባትሪ ጋር ጉዳይ የለውም፤ የካንዴላውን እሳት የሚሰጡት በሞተሩ የሚዞሩ ማግኔቶዎች ናቸውና። ስለሆነም ብልሽቱ በአየር ላይ ማንንም ስለማያስቸግር፣ «መሬት ላይ ያለ ጣጣ» እየተባለ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይሸጋገራል። ከዚህ በታች እንደሚታየው ግን ጣጣው መሬት ላይ መሆኑ ንጹሕ አያደርገውም።

ለምሳሌ ሴስና 172 ይወሰድ። ይህ ባለ አራት መቀመጫ አይሮፕላን ለሽያጭ ከቀረበበት ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ44,000 በላይ ተሠርቷል፤ በብዛት የሚስተካከለው አይሮፕላን የለም። በኢትዮጵያም አብራሪ ሠልጣኞች የበረሩበት ነው። እንግዲህ አብራሪው አንድ ሰዓት በርሮ ያርፋል፤ ሞተሩን ያጠፋል፤ መንገደኛውን አውርዶ፣ ወረቀቱን አስፈርሞ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይመለሳል። ቁልፉን ሲያዞር ከፊት ለፊት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ፕሮፔለሩ ግን አይንቀሳቀስም። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይሞክራል። በአራተኛው ምንም እንዳልነበረ ሁሉ ይነሣል። ማታ በመዝገቡ ላይ «የማስነሻው ሞተር ይታይ» ብሎ ይጽፋል። በማግሥቱ ጧት መካኒኩ አሥር ጊዜ ይሞክረዋል፤ አሥሩንም ጊዜ ይነሣል። እርሱም በበኩሉ «ተሞክሮ ደኅና ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ ይፈርማል። ሁለቱም የጻፉት እውነት ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ነገሩ ይደገማል። ባትሪው ይለወጣል። ለአንድ ወር ያህል ሰላም ይሆናል። እንደገና ይደገማል። አሁን ደግሞ ሞተሪኖው ወልቆ አዲስ ይገጠማል፤ የዋጋው ነገር ሳይነሣ ይለፍ። ለሁለት ወር ሰላም ይሆናል፤ ከዚያም ያው «ጠቅ»። በዚህ ጊዜ በጥገና ቤቱ ውስጥ ስለ አይሮፕላኑ ጠባይ እንደ ሰው ጠባይ መወራት ይጀመራል። ነገር ግን ምስጢር የለም። ባትሪ ሲለወጥ የገመዶቹ ጫፎች ይፈታሉ፣ ይጸዳሉ፣ ተመልሰው ይጠብቃሉ። ሞተሪኖ ሲወልቅም እንዲሁ። በሽታው ያለው በመገጣጠሚያው ላይ ከሆነ፣ ዕቃው ሲለወጥ መገጣጠሚያው ሳይታሰብ ይታከማል፤ ምስጋናውን ግን አዲሱ ዕቃ ይወስዳል። ዕቃ በመለወጥ ብልሽት መፈለግ በጣም ውድ የሆነ የብሎን ማጥበቂያ ዘዴ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ኮረንቲው የሚጓዝበትን መንገድ በሐሳብ መከተል ያስፈልጋል። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ የሚነሣው ወፍራም ገመድ መጀመሪያ ወደ ባትሪው ኮንታክተር ይደርሳል። ይህም በዋናው ማብሪያ የሚታዘዝ፣ ጥቅልሉ ሲሳብ ሁለት ወፍራም የመዳብ ጫፎችን የሚያገናኝ መሣሪያ ነው። ከዚያ ወደ ማስነሻው ኮንታክተር ያልፋል፤ ይህ ደግሞ የሚታዘዘው በቁልፉ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሞተሪኖው ይገባል፤ በጥቅልሎቹና በካርቦን ብሩሾቹ አልፎ ወደ ሞተሪኖው አካል ይወጣል። ብዙ ሰው መንገዱ እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ግማሹ ግን ገና ቀርቷል። ኮረንቲው ከሞተሪኖው አካል ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ በተለየ የተጠለፈ ገመድ ወደ አይሮፕላኑ አካል፣ ከአካሉም ወደ ባትሪው አሉታዊ ጫፍ መመለስ አለበት። መካኒኮች ማሳ የሚሉት ይህን የመመለሻ መንገድ ነው። ሞተሩ ንዝረቱን እንዲውጡለት በጎማ ትራሶች ላይ የተቀመጠ ስለሆነና ጎማ ኮረንቲ ስለማያስተላልፍ፣ ያ የተጠለፈ ገመድ ባይኖር ሞተሩ ከአይሮፕላኑ በኤሌክትሪክ ረገድ የተነጠለ ደሴት ይሆናል።

በዚህ መንገድ ላይ በአንድ ጊዜ የሚያልፈው የኮረንቲ መጠን ቀላል አይደለም። የትንሽ አይሮፕላን ሞተሪኖ ሲዞር 200 አምፔር ያህል ቢወስድ የሚያስገርም አይደለም፤ በመጀመሪያው ቅጽበትም ከዚያ ይበልጣል። አሁን አንድ ቀላል ስሌት ይደረግ። በመንገዱ ላይ ካሉት አሥርና አሥራ አምስት መገጣጠሚያዎች መካከል አንዱ ዝጎ ወይም ላልቶ ከአንድ ኦም አንድ መቶኛ የሚሆን እገዳ አበጀ እንበል። በ200 አምፔር ጊዜ በዚያች አንዲት ነጥብ ላይ 2 ቮልት ይጠፋል፤ 400 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህ ከስድስት ባለ 60 ዋት አምፖሎች የሚበልጥ ኃይል በአንድ ብሎን ራስ ላይ ነው ማለት ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ላይ፣ ያውም በሥራ ጊዜ ራሱ ወደ 10 ከሚወርደው ላይ፣ 2 ቮልት ሲቀነስ ለሞተሪኖው የሚደርሰው ብዙ አይደለም።

በዚያችው መገጣጠሚያ በኩል አንድ አምፔር የምትወስድ መብራት ብትበራስ? የሚጠፋው ከቮልት አንድ መቶኛ ብቻ ነው፤ መብራቷ ቦግ ብላ ትበራለች። በተለመደው መለኪያ ኦም ቢለካም መለኪያው ዜሮ ያሳያል፤ ምክንያቱም የመለኪያው የገዛ ሽቦዎች ያላቸው እገዳ ከሚፈለገው እገዳ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ገመድ ተበጣጥሶ አንድ ክር ብቻ ቢቀረው እንኳ መለኪያው «ተያይዟል» ብሎ ይመሰክርለታል። ብዙ የፍለጋ ሰዓት የሚባክነው በዚህ ምስክርነት ነው። ቆሞ ያለ፣ ኮረንቲ የማያልፍበት መንገድ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር የለም። መጠየቅ ያለበት ሸክሙን ተሸክሞ ሳለ ነው።

ብልሽቱ ለምን ብቅ ጥልቅ ይላል? ከምክንያቶቹ ሁሉ ሙቀት ይቀድማል። በበረራ ጊዜ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ሞተሩ ሲጠፋ ይቆማል፤ የሲሊንደሮቹ ሙቀት ግን በሽፋኑ ውስጥ እንደታፈነ በእሳት መከላከያው ግድግዳና በአካባቢው ባለው ሁሉ ላይ ይሰራጫል። ስለሆነም በሽፋኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ይበልጥ የሚግለው በበረራ ላይ ሳይሆን፣ ካረፉ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች ነው። የመዳብ እገዳ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የኮንታክተሩ ጥቅልል ከ20 ዲግሪ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢግል፣ የሚወስደው ኮረንቲ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል፤ የመሳብ ኃይሉም አብሮ ይደክማል። ጫፎቹ የተቃጠሉና የጎደጎዱ ከሆኑ ያች የቀረችው ኃይል አጥብቃ አታገናኛቸውም። «ጠቅ» ይላል፤ ኮረንቲ ግን አያልፍም። ሌሊቱን በርዶ ያደረ አይሮፕላን ለመካኒኩ ጧት አሥር ጊዜ የሚነሣለት በዚህ ምክንያት ነው። መካኒኩ የመረመረው ያንኑ አይሮፕላን ይሁን እንጂ ያንኑ ሁኔታ አልነበረም።

ከሙቀት ሌላ ንዝረት አለ። የባትሪ ውስጣዊ ማገናኛ ተሰንጥቆ በእረፍት ጊዜ ሙሉ ቮልት የሚያሳይ፣ ሸክም ሲጫንበት ክፍት የሚሆን፣ ከዚያም ተመልሶ ደኅና የሚመስል ባትሪ አለ። ኮሚውቴተሩ በአንድ ቦታ የተበላ ሞተሪኖም አለ፤ የቆመው በዚያች ቦታ ላይ ከሆነ አይነሣም፣ ትንሽ ከተነካ ይነሣል። በአሉሚኒየም ገመድ የተሠሩ አሮጌ አይሮፕላኖች ለብቻቸው ይጠቀሱ፤ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት የፓይፐር ቼሮኪ ቤተሰቦች አያሌዎቹ እንዲህ ናቸው። አሉሚኒየም ክብደት ይቀንሳል፤ ነገር ግን ላዩ አየር እንደነካው ኮረንቲ በማያስተላልፍ ስስ ቅርፊት ይሸፈናል፤ በብሎን ሥር ተጨምቆም ከጊዜ ብዛት ይላላል። ብዙ ባለቤቶች እነዚህን ገመዶች በመዳብ ያስለወጡት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከመለኪያ በፊት ጆሮ ብዙ ይናገራል። ቁልፉ ሲዞር ፍጹም ጸጥታ ከሆነ የሚፈለገው በቀጭኑ የማዘዣ መንገድ ላይ ነው፤ ማለትም በቁልፉ፣ በፊውዙ፣ ወይም በኮንታክተሩ ጥቅልል ላይ። የማስነሻው ኮንታክተር ጥቅልል ማሳውን የሚያገኘው በብዙ አይሮፕላኖች ላይ በራሱ አካልና በተሰቀለባቸው ሁለት ብሎኖች በኩል መሆኑ ይረሳል፤ ከብሎኖቹ ሥር ያለ ዝገት ወይም ቀለም ብቻውን ሥርዓቱን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። «ጠቅ» ካለና ፕሮፔለሩ ካልዞረ ወፍራሙ መንገድ ይጠረጠራል። ሞተሪኖው እየጮኸ ዞሮ ፕሮፔለሩ ካልተንቀሳቀሰ ግን ኤሌክትሪኩ ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ ቤንዲክስ በሚባለው፣ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ካለው ጥርሳም ቀለበት ጋር በሚጣመረው ክፍል ነው።

ወደ መለካቱ ከመታለፉ በፊት አንድ ነገር አጥብቆ መናገር ግድ ይሆናል። በመኪና ላይ የማቀጣጠያው ሽቦ ቢበጠስ ሞተሩ ይጠፋል። በአይሮፕላን ላይ ተቃራኒው ነው፤ ማግኔቶ የሚጠፋው ሽቦው ከማሳ ጋር ሲያገናኘው ነው፤ ሽቦው ከተበጠሰ ማግኔቶው በራ ማለት ነው፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ በማስነሻ ላይ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ነዳጁ ተዘግቶ፣ ጎማው ታግዶ፣ የካንዴላዎቹ ገመዶች ከካንዴላዎቹ ተነቅለውና ራቅ ብለው ታስረው፣ በፕሮፔለሩ ክብ ውስጥ ማንም ሳይቆም ይሁን።

አለካኩ ራሱ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰውና አንድ የቮልት መለኪያ ይበቁታል። አንዱ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንዶች ያዞራል፤ ሌላው ያነባል። መጀመሪያ በባትሪው በራሱ ጫፎች ላይ፣ በገመዱ መያዣ ላይ ሳይሆን በባትሪው እርሳስ ላይ፣ ይነበባል። በሥራ ጊዜ ከ9 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል ወይም ሞተሪኖው ከልኩ በላይ ይስባል። ባትሪው ጠንክሮ ከቆመ፣ የመለኪያው አንዱ ጫፍ በባትሪው አዎንታዊ እርሳስ ላይ፣ ሌላው በሞተሪኖው መግቢያ ላይ ይደረግና እንደገና ቁልፉ ይዞራል። መለኪያው አሁን የሚያሳየው በመንገድ ላይ የጠፋውን ቮልት ነው። ቀጥሎም ከባትሪው አሉታዊ እርሳስ እስከ ሞተሪኖው አካል እንዲሁ ይለካል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪየሽን አስተዳደር በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው 43.13-1ቢ በተባለው የጥገና መመሪያ ላይ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ሸክም በባለ 14 ቮልት ሥርዓት 1 ቮልት፣ በባለ 28 ቮልት ሥርዓት 2 ቮልት ሊጠፋ የሚፈቀድ መጠን አድርጎ አስቀምጧል። ንባቡ ከዚህ ካለፈ መንገዱ ለሁለት እየተከፈለ ይለካል፤ እንደገና ለሁለት ይከፈላል፤ በሦስትና በአራት ንባብ ጥፋተኛው መገጣጠሚያ ይያዛል። «ጠቅ» ብሎ ባልዞረበት ጊዜ በማስነሻው ኮንታክተር ሁለት ወፍራም ጫፎች መካከል ሙሉው የባትሪ ቮልት ከተገኘ፣ ጫፎቹ አልተገናኙምና ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ብልሽቱ በቦታው ሳለ ሲለካ ነው። ስለሆነም መካኒኩ ብልሽቱን መጠበቅ ሳይሆን መጥራት አለበት። አይሮፕላኑ ይብረር፤ ካረፈ በኋላ ሽፋኑ ሳይከፈት ሃያ ደቂቃ ይቁም፤ መለኪያው ያን ጊዜ ዝግጁ ሆኖ ይቆይ። በሞቃት አየር ማራገቢያ ኮንታክተሩን ብቻ ለይቶ ማሞቅም ጥሩ ዘዴ ነው። የዛሬ ዲጂታል መለኪያዎች ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ንባብ ይዘው የሚያስቀሩ መሆናቸው የዓይንን ድካም አቅልሏል። ከላይ በምሳሌነት በተነሣው ዓይነት ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የረከሰ ነገር ነው፤ ዘይት የጠጣ፣ ግማሽ ክሮቹ የተበጠሱ የማሳ ገመድ፣ ወይም በቀለም ላይ የተጫነ ሮንዴላ።

ስለ ማሳ ገመዱ ጥቂት ተጨማሪ ቃል ይገባል። ይህ ገመድ ሲላላ ኮረንቲው ዝም ብሎ አይቀርም፤ ሌላ መመለሻ ይፈልጋል። ከሞተሩ ወደ አብራሪው ክፍል የሚሄዱ የብረት ነገሮች አሉ፤ የጉልበት መቆጣጠሪያው ገመድ፣ የነዳጅና አየር ድብልቅ መቆጣጠሪያው ገመድ፣ የነዳጅ ቱቦው የብረት ልባስ። እነዚህ 200 አምፔር እንዲሸከሙ አልተሠሩም። ይግላሉ፤ ሽፋናቸው ይጨሳል፤ ውስጣቸው ይበላል፤ እየጠበቁ መጥተው መንሸራተት ያቅታቸዋል። አብራሪው ቁልፉን ለአራተኛ ጊዜ ሲያዞርና ሞተሩ ሲነሣለት፣ ያን ጊዜ ያስነሣው ምናልባት የጉልበት መቆጣጠሪያው ገመድ በኩል የተመለሰ ኮረንቲ ይሆናል። መሬት ላይ የነበረው ጣጣ በዚህ መንገድ ወደ አየር ይወጣል።

የቁልፉም ነገር እንዲሁ ነው። በእነዚህ አይሮፕላኖች ላይ አንዱ የሚዞር ቁልፍ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሞተሪኖውን ያዛል፤ ማግኔቶዎቹንም ከማሳ ጋር ያገናኛል። ማስነሻ ላይ አንዳንዴ የሚከዳ ቁልፍ፣ መዝጊያው ላይም ሊከዳ እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው አስተዳደር በቤንዲክስ ቁልፎች ላይ ባወጣው አስገዳጅ መመሪያ፣ በየ100 የበረራ ሰዓቱ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ቁልፉ ወደ መዝጊያው እስከ መጨረሻው ዞሮ እንዲፈተሽ፣ ሞተሩ ካልጠፋ ቁልፉ ብልሹ መሆኑ እንዲታወቅ አዘዘ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኤሲኤስና በገርደስ ቁልፎች ላይ ሌላ መመሪያ ወጣ። በዚህኛው ውስጥ የኮንታክተሩ ጥቅልል ኮረንቲው ሲቋረጥበት የሚረጨው ብልጭታ የቁልፉን ጫፎች እንዳይበላ፣ በጥቅልሉ ላይ ዳዮድ እንዲገጠም ተደርጓል። ለመሐንዲስ ይህ ደስ የሚል ትምህርት ነው፤ በሽታው ያለው በቁልፉ ላይ፣ መንሥኤው ግን አንድ ሜትር ርቆ በኮንታክተሩ ውስጥ ነው።

ከኮንታክተሮች ጋር ተያይዞ በጥገና ቤቶች የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። የባትሪው ኮንታክተር ለሰዓታት ተይዞ እንዲቆይ የተሠራ ነው፤ የማስነሻው ለሰከንዶች ብቻ ነው። ሁለቱ በመልክ መንትያ ናቸው፤ የሚለዩት በቁጥራቸው ነው። የማስነሻው ዓይነት በባትሪው ቦታ ከተገጠመ ጥቅልሉ በበረራ ላይ እየጋለ ይቃጠላል። የጫፎቹ እርስ በርስ መጣበቅ ደግሞ ሌላው አደጋ ነው። የማስነሻው ኮንታክተር ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላም ተጣብቆ ከቀረ ሞተሪኖው ኮረንቲ መሳቡን አያቋርጥም። ሞተሩ እንደተነሣ የአምፔር መለኪያውን የማየት ልማድ የሌለው አብራሪ ይህን የሚያውቀው በሽታው ነው። መፍትሔው ዋናውን ማብሪያ ወዲያው መዝጋት፣ ሞተሩንም ማጥፋት ነው።

በመጨረሻም ርቆ በሚገኝ ሜዳ ላይ ብቻውን የቀረው አብራሪ አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ መንገደኞቹ ይጠብቃሉ፤ ሞተሪኖው እምቢ ብሏል። ፕሮፔለርን በእጅ ማስነሣት ጥንት የተለመደ ነበር፤ ዛሬም ለዚያ የሠለጠኑና ለዚያ የተሠሩ አይሮፕላኖች አሉ። ነገር ግን ባለ 160 ወይም 180 የፈረስ ጉልበት ሞተር ላይ፣ ያልሠለጠነ ሰው፣ በውስጥ ፍሬን የሚይዝለት ሳይኖር ይህን ሲያደርግ ወይ ክንዱን ወይም አይሮፕላኑን ያጣል፤ ተነሥቶ ባለቤቱን ትቶ የሄደ አይሮፕላን ተረት አይደለም። ደግሞም የእምቢታው ምክንያት ቁልፉ ከሆነ ማግኔቶው መጥፋት አለመጥፋቱን ማን ያውቃል? ፕሮፔለሩን «ትንሽ ላንቀሳቅሰው» ብሎ የሚቀርበው ሰው ይህን ጥያቄ መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ መካኒኩ ከሁለት ሳምንት በፊት «ደኅና ሆኖ ተገኝቷል» ብሎ የፈረመባት መስመር ክብደቷ ይታያል።

ለዚህ ነው የመዝገብ አጻጻፉ ራሱ የጥገናው ክፍል ነው የሚባለው። «አልነሣም አለ» የሚል ቃል ለመካኒክ ምንም አይሰጠውም። ሞተሩ ከጠፋ ስንት ደቂቃ ሆኖት ነበር፤ ቁልፉ ሲዞር ድምፅ ነበረ ወይስ ጸጥታ፤ የመሣሪያ መብራቶቹ ደበዘዙ ወይስ እንደበሩ ቀሩ፤ በስንተኛው ሙከራ ተነሣ፤ ዝናብ ነበረ ወይ? መብራቶቹ ክፉኛ ከደበዘዙ ኮረንቲ በብዛት ተስቧል፤ ከቶ ካልደበዘዙ መንገዱ የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል። አብራሪው ይህን ለማየት የሚያስፈልገው መሣሪያ የለም፤ ቁልፉን እንደያዘ ዓይኑን ወደ መብራቱ ማንሣት ብቻ ነው። መካኒኩም በበኩሉ ብልሽቱን ካላገኘው «አልተገኘም፤ በሙቅ ሁኔታ ገና አልተሞከረም» ብሎ ይጻፍ፤ የለካቸውን ቮልቶችም በቁጥር ያስቀምጥ። ቀጥሎ የሚመጣው መካኒክ 0.3 የነበረው ንባብ 0.9 ሆኖ ቢያገኘው፣ አይሮፕላኑ ያን ዕለት ቢነሣለትም ባይነሣለትም፣ የትኛውን ዳዶ እንደሚፈታ ያውቃል።